የጉድጓዱ ደብተር
(ለአዲስ አንባቢ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውኃ ነው። ስለ ውኃ ብቻም አይደለም። የሰፈራችንን ችግር ራሳችን መርምረን፣ ራሳችን ተማክረን፣ ራሳችን መላ ስለምናበጅበት መንገድ ነው።

ከጥያቄ እንጀምር። በመጋቢት ወር የጉድጓዳችሁ ውኃ ከአፉ ስንት ክንድ ይርቃል? አምና በዚሁ ወር ስንት ነበር? ካቻምናስ?

ብዙዎቻችን "ዘንድሮ ቀንሷል" እንላለን። "በስንት ቀነሰ?" ሲባል ግን አንዱ "አንድ ክንድ" ይላል። ሌላው "ኧረ ሦስት ክንድ ይሆናል!" ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ግን አልለኩም። ለክተውም ከሆነ አልጻፉም። አባቶቻችን "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። ስለ ጉድጓዳችን የምናውቀው ሁሉ እስከ ዛሬ በቃል ያለ ነው። ስለዚህ ይረሳል።

አሁን ግን ፊደል ቆጥረናል። ቁጥር እናውቃለን። ታዲያ ፊደሉንና ቁጥሩን ምን እንሥራበት?

ውኃው የት ይሄዳል?

አገራችን አዊ ዝናብ አይነሳትም። በዳንግላ አካባቢ በዓመት 1600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ሚሊ ሜትር ማለት በማስመሪያ ላይ የምናያት ትንሿ ክፍያ ናት። አሥሩ ተደምረው አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ።

እስቲ አብረን እናስላ። ርዝመቱም ወርዱም አንድ ሜትር በሆነ መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። እንግዲህ 1600 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1600 ሊትር ይሆናል። ይህን በ20 ሊትር ጀሪካን ብንቀዳው 80 ጀሪካን ይሞላል። አንድ ቁርበት ከሚነጠፍበት በማይበልጥ ቦታ ላይ በየዓመቱ 80 ጀሪካን ውኃ ይወርድልናል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ውኃ እየወረደልን በመጋቢትና በሚያዝያ ገመዱ ለምን ይረዝምብናል?

ምክንያቱ ይህ ነው። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አይመጣም። አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወሮች ነው። ከወረደው ውስጥ ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ አፈራችንን ይዞ ይሄዳል። ክልቲን ይሞላል፤ ከክልቲ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። ከፊሉን ሰብሉ፣ ሣሩና ዛፉ ይጠጡታል፤ ፀሐይም ታተነዋለች። ከፊሉ ደግሞ ወደ ታች ሰርጎ በአፈሩና በበሰበሰው ድንጋይ መካከል ይጠራቀማል። ጉድጓዳችን ውስጥ የምናየው ይኸው ነው።

ስለዚህ በበጋ የምንጠጣው የክረምቱን ቁጠባ ነው። ቁጠባ ደግሞ ደብተር ይፈልጋል። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ ያልተጻፈ የእድር ገንዘብ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ጠብ ያመጣል። የውኃም ነገር እንዲሁ ነው።

የዳንግሽታ ነዋሪዎች ምን ሠሩ?

ይህን ስንል ከባዶ ተነሥተን አይደለም። በዚሁ በዞናችን የሆነ ነገር አለ።

በ2006 ዓ.ም. በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንግሽታ ቀበሌ አንድ ሥራ ተጀመረ። ከእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው መጡ። ሊያውቁ የፈለጉት "ከመሬት በታች ቅርብ ያለው ውኃ በበጋ ለአነስተኛ መስኖ ይሆናል ወይ?" የሚለውን ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ቀን መጥቶ አይቶ መሄድ አይበቃም። ዝናቡን፣ ወንዙንና ጉድጓዱን በየጊዜው ሳያቋርጡ መለካት ያስፈልጋል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ይህን እንዴት ይችላል?

የሚችለውማ እዚያው ያለው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ የዝናብ መለኪያ ተተከለ። በሁለት ወንዞች ላይ ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ቆመ። አምስት የእጅ ጉድጓዶችም ተመረጡ። ለኪዎቹ የቀበሌው ነዋሪዎች ሆኑ። የዝናቡን በየቀኑ ጠዋት፣ የወንዙን ጠዋትና ማታ፣ የጉድጓዱን ደግሞ በተወሰነ ቀን ልዩነት እየለኩ በወረቀት ላይ ጻፉ።

"ገበሬ የለካው ይታመናል ወይ?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ተመራማሪዎቹ የነዋሪዎቹን ቁጥር ከሜትሮሎጂ ጣቢያ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ከሳተላይት ከተገኘውም ጋር አስተያዩት። ሳተላይት ማለት ከሰማይ በላይ ሆኖ ምድርን የሚቃኝ መሣሪያ ነው። ውጤቱ በ2008 ዓ.ም. በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ነዋሪዎቹ የሰበሰቡት ጥሩ መረጃ ሆኖ ተገኘ። ስለ አካባቢው ዝናብ ከሳተላይት ከተገኘው መረጃም የተሻለ ሆነ።

ይህ ለምን ሆነ? ሳተላይት ከላይ ሆኖ ሰፊ አገር በአንድ ጊዜ ያያል። እኛ ግን እናውቃለን፤ ዝናብ ከወንዙ ማዶ ዘንቦ ወዲህ ሳይዘንብ የሚቀርበት ቀን አለ። ይህን የሚያየው እዚያው የቆመ ሰው ነው።

መለካትና መወሰን

ከዳንግሽታው ሥራ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ገበሬ መለካት ይችላል። የለካውም ለዓለም ሳይንስ ይበቃል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። መለካት አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሚለካና በተገኘው ቁጥር ምን እንደሚደረግ መወሰን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ገጠር ብዙ ጠያቂ ይመጣል። "ስንት ከብት አለህ? ስንት ልጅ አለሽ? ውኃ ከየት ትቀጃለሽ?" ይላል። እኛም ወንበር አቅርበን፣ ጠላ ቀድተን እንመልሳለን። ጠያቂው ጽፎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ወሬው አይሰማም። ያ የተጻፈው የኛ ኑሮ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ የለም።

ይህ ነገር ያልጣማቸው ሰዎች በሌላም አገር ነበሩ። ከኛ ብዙም በማትርቀው በታንዛኒያ፣ ማርያ ሊሳ ስዋንትስ የተባሉ የፊንላንድ ተወላጅ ከመንደር ሰዎች ጋር ተቀምጠው በጋራ የመመርመርን ሥራ ጀመሩ። ይህም በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። በደቡብ አሜሪካ በኮሎምቢያም ኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳ የተባሉ ምሁር ከገበሬዎች ጋር ሆነው ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። በ1969 ዓ.ም. በኮሎምቢያ በካርታሄና ከተማ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ይህ አሠራር "አሳታፊ የተግባር ምርምር" ይባላል።

ስሙ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ችግሩ ያለበት ሰው ጥያቄውን ያነሣል። ከሚረዳው ባለሙያ ጋር ሆኖ ይለካል፣ ይጽፋል። የተጻፈውን በጋራ ያያል። በጋራ ይወስናል፣ ይሠራል። ከሠራ በኋላም "ለውጥ መጣ ወይስ አልመጣም?" ብሎ እንደገና ይለካል። ይኸው ነው።

ሁለት መደብ ጎን ለጎን

ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ሞካሪ ነው። አዲስ ዘር ሲያገኝ ሁሉን ማሳ አይዘራበትም። በጥግ በኩል ትንሽ ዘርቶ ያያል። ይህ ራሱ ምርምር ነው። የሚጎድለው መጻፉና ማስተያየቱ ነው።

በዚያው በዳንግሽታ የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ሰዎችና ገበሬዎች በጓሮ መስኖ ላይ የሞከሩትን እንመልከት። 100 ካሬ ሜትር የሆነ የአትክልት ቦታ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ እንደ ልማዱ ተቆፍሮ ተለሰለሰ። ሌላው ግማሽ ሳይገለበጥ በሣር ተሸፈነ። ውኃው በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ለሁለቱም ተሰጠ። በሣር የተሸፈነው መሬት እርጥበቱን ያዘ፤ ያነሰ ውኃም በቃው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። መሬቱ አንድ ነው፤ ገበሬውም አንድ ነው። የተለየው አሠራሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነት ሲታይ ከምን እንደመጣ ይታወቃል። አንዱን መደብ ዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ ብንሞክር ግን "ዝናቡ ነው" ወይም "ዘሩ ነው" እያልን ስንከራከር እንኖራለን።

ሌላም ምሳሌ አለን። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች በኮመጠጠና በደከመ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከሉ። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘሩ። ቀጥሎ ሣሩን ለከብት አጨዱ። ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠው ከሰል አደረጉት። መሬቱን መልሰው አረሱት። ከጎረቤት ጎረቤት እያየ ሥራው ተስፋፋ። ሊቃውንት መጥተው ያጠኑት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሞከረው ገበሬው ነው።

በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ መታው። ብዙ ቤት በአንድ ዛፍ ላይ ኑሮውን ስለ መሠረተ ጉዳቱ ከባድ ሆነ። አሁን ባለሙያ መጥቶ "ቅጠሉ መጀመሪያ የተለወጠው መቼ ነው? በየትኛው ማሳ? በስንት ዓመቱ ዛፍ ላይ?" ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? ይህን የጻፈ ሰፈር ለባለሙያው መንገድ ያሳያል። ያልጻፈ ሰፈር ግን "እንዲያው በድንገት መጣብን" ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ምርምር ደግ ነገር ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ክፉ ነገር ሲመጣ ቶሎ ለማየትም ነው።

ፓምፕና ጠብ

አሁን ወደ ጉድጓዳችን እንመለስ። እንዲህ እናስብ። በአንድ ሰፈር አንድ ገበሬ ፓምፕ ገዝቶ በበጋ ሽንኩርት ያለማል። በመጋቢት የጎረቤቱ ጉድጓድ ይደርቃል። ጎረቤት "ፓምፑ ነው ያደረቀው" ይላል። ባለፓምፑ "ዝናቡ ቀድሞ ወጥቶ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?" ይላል። ሌላው "የለም፣ ከበላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው" ይላል። ነገሩ ከሽማግሌ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወዳጅነት ይበላሻል። አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የከፋ ይመጣል።

እውነቱ ከሦስቱ በየትኛው ነው? በጩኸት አይታወቅም። ደብተር ያለው ሰፈር ግን ገልጦ ያያል። ዘንድሮ ዝናቡ ከአምና አንሷል? ሌሎቹ ጉድጓዶች ሁሉ ቀንሰዋል ወይስ ፓምፑ አጠገብ ያለው ብቻ? ፓምፑ ባልሠራበት ሳምንት ውኃው ተመልሶ ከፍ ብሏል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ሰፈር ሕግ ማውጣት ይችላል። "በሳምንት ይህን ያህል ቀን ይሳብ፤ ውኃው ከዚህ ክንድ በታች ሲወርድ ይቁም" ብሎ ይወስናል። ሁሉም ያየው ቁጥር ስለሆነ ውሳኔውን ለመቀበል አይከብድም። ፓምፕ ያለውም አይበደልም፤ የሌለውም አይጠማም።

እንዴት እንጀምር?

ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ገመድ፣ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቃሉ።

1. ለጉድጓዱ ረጅም ገመድ ወስደን ጫፉ ላይ ድንጋይ እንሰር። ገመዱን በየሃምሳ ሳንቲ ሜትሩ እንቋጥር። ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ቦታ በቀለም እናመልክት። ሁልጊዜ ከዚያ ምልክት ጀምረን እንለካ። ጠዋት ማንም ውኃ ሳይቀዳ መለካት አለበት።

2. ለዝናቡ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ቆርቆሮ፣ ዛፍና ጣሪያ በማይከልለው ሜዳ ላይ እናቁም። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት በማስመሪያ ለክተን እንድፋው።

3. በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ልኩንና የለካውን ሰው ስም እንጻፍ።

4. ያልተለካበት ቀን ካለ ባዶ እንተወው። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ባዶ መተው ነውር አይደለም። ከቤት ተቀምጦ በግምት መጻፍ ግን ደብተሩን ሁሉ ያበላሸዋል። አንድ የውሸት ቁጥር የገባበት ደብተር፣ አንድ ጠብታ ነጭ ጋዝ እንደገባበት እንስራ ነው። ውኃው ሁሉ አይጠጣም።

5. በወር አንድ ቀን ተሰብስበን ደብተሩን ጮክ ብለን እናንብብ። በአማርኛም በአውንጂም እንነጋገርበት። ማንበብ የማይችል አባት ወይም እናት ቢኖር ይስማ፤ የሚያውቀውንም ይናገር። የድሮውን የዝናብ ጠባይ ከሽማግሌዎች ሌላ ማን ይነግረናል?

ለኪው ማን ይሁን? እዚህ ላይ አንሳሳት። ስብሰባ ሲጠራ ፊት የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ጉድጓድ የሚወርደውን ገመድ በየቀኑ የሚስቡት ግን ሴቶች ናቸው። ውኃው አንድ ክንድ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያውቀው የእናታችን፣ የሚስታችን፣ የልጃችን ክንድ ነው። እነሱ የሌሉበት የውኃ ምክር ግማሽ ምክር ነው። ደብተሩን ሴቶች ይያዙት። ውሳኔው ላይም ይቀመጡ።

"ይህን ማን ያስተባብራል?" ትሉ ይሆናል። መደራጀት ለአዊ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እድሩ፣ ሰንበቴው፣ ደቦው፣ ወንፈሉ አለ። ለቀብርና ለአጨዳ የሚሰበሰብ ሰው ለጉድጓዱ መሰብሰብ አያቅተውም።

ሦስት ጥያቄዎች ለእንግዳ

ባለሙያና ተመራማሪ እንዳይመጣ አንልም። ይምጣ! የጉድጓዱን ልክ እናውቃለን፤ የውኃውን ንጽሕና ግን ያለ ባለሙያ አናውቅም። የኮመጠጠ መሬት ምን ያህል ኖራ እንደሚፈልግ ባለሙያው መርምሮ ይነግረናል። እሱ ያለ እኛ አይሆንለትም፤ እኛም ያለ እሱ አይሆንልንም።

ነገር ግን ከመመለሳችን በፊት በትሕትና ሦስት ነገር እንጠይቅ። "ይህ የምትጽፈው ለምን ይውላል? ከዚህ ውስጥ እኛ ዘንድ ምን ይቀራል? ውጤቱን ልትነግረን መቼ ትመለሳለህ?" ይህ ንቀት አይደለም። የባለቤትነት ጥያቄ ነው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" ይባላል። ባለቤት መሆናችንን የምናሳየው ደብተራችንን ይዘን ስንቀርብ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ወላጆቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ከነሱ ብዙዎቹ ግን የሚያነቡት ነገር ስላልነበራቸው መልሰው ረሱት። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። የጉድጓዱ ደብተር ለውኃው ብቻ አይጠቅምም። በየጠዋቱ አንድ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ቁጥር አይረሳም። በየወሩ አንድ ገጽ የሚያነብ ሰው ማንበብ አይረሳም።

የዛሬ ዓመት በመጋቢት እዚሁ ስንገናኝ "የጉድጓዳችሁ ውኃ ከአፉ ስንት ክንድ ይርቃል?" ብለን እንደገና እንጠይቃለን። ያን ጊዜ መልሱን ከደብተር እንድታነቡልን እንፈልጋለን።

ለመወያያ

1. በሰፈራችን ሁላችንንም የሚያስጨንቅ፣ በገመድ ወይም በቁጥር ሊለካ የሚችል ችግር የትኛው ነው?
2. የትኞቹን ጉድጓዶች እንምረጥ? ለምን?
3. ደብተሩን ማን ይያዝ? እሷ ስትታመም ማን ይተካት?
4. ውኃው ሲቀንስ ቅድሚያ ለማን ይሰጥ? ለሰው፣ ለከብት፣ ወይስ ለአትክልት? ይህን ዛሬ ውኃ እያለ እንወስን፤ በጠማን ቀን መስማማት ይከብዳል።